ገድል ወይስ የሕይወት ታሪክ? ስለ ስቴፎን ማርበሪ በቀረቡ ድርሰቶች ላይ የተሰጠ ሒስ

በዚህ ዐምድ የሚመረመረው እንደ ልማድ አንድ መጽሐፍ፣ ቢበዛም አንድ ተውኔት ነው። ዛሬ ግን የምናነሣው አንድ ሰው ነው፤ ይኸውም ሰውየው ራሱ ድርሰት ስለ ሆነ ነው። ስቴፎን ማርበሪ የተባለውን አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ደራሲ ተከትሎ መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶታል። ጎልምሶ ባሕር ተሻግሮ በቻይና አገር ሲጫወት ሐውልት ቆመለት፤ የዘፈን ቴያትር ተደረሰለት፤ ፊልም ተሠራለት፤ ከዚያም በኋላ የተወለደባት አገር ዘጋቢ ፊልም አወጣችለት። በሕይወት ያለ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ሲተረክ ማየት የተለመደ አይደለም።

«ኳስ ተጫዋች ከሥነ ጽሑፍ ምን አገናኘው?» የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችንን አናዘገይም። በአገራችን ሥነ ጽሑፍ የአንድን ሰው ሕይወት መጻፍ ከጥንት ጀምሮ በሰፊው የታወቀው በገድል ነው። ገድል ሥርዐት ያለው ድርሰት ነው፤ ጻድቁ ይወለዳል፣ ይፈተናል፣ ይሰደዳል፣ ይጋደላል፣ በመጨረሻም ቃል ኪዳን ይቀበላል፤ ከዚያም ተአምራቱ ይቈጠራሉ። ይህን ሥርዐት የሚነቅፍ ቢኖር እኛ ከእርሱ ጋር አይደለንም፤ ገድል የሚጻፍበት ዓላማ የታወቀ ነው፣ አንባቢውም ያንኑ ዐውቆ ያነበዋል። ችግር የሚመጣው ገድሉ «የሕይወት ታሪክ ነኝ» ብሎ ሲቀርብ ነው። ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩ የሕይወት ታሪክ የሚል ጽሑፍ በዝቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ ባለታሪኮቹ ራሳቸው የጻፏቸው ወይም ያስጻፏቸው ጥቂት አይደሉም። ይህን የሚያነብ ተማሪ፣ ይህን የሚያስተምር መምህር፣ ነገም ጡረታ ሲወጣ የራሱን ሊጽፍ የሚያስብ ሹም አንዱን ከሌላው የሚለይበት ሚዛን ያስፈልገዋል። የማርበሪ ነገር ለዚህ የተመቸ ነው፤ አንዱን ሕይወት ልዩ ልዩ እጆች፣ በሁለት አገሮች፣ ለልዩ ልዩ ጥቅም ሠርተውታልና።

ነገሩን ከመጀመሪያው እንያዝ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን ደቡባዊ ጫፍ ላይ ኮኒ አይላንድ የተባለ ሰፈር አለ። ከባሕሩ ዳር የጎብኚዎች መዝናኛ፣ ከዚያ አለፍ ብሎ መንግሥት ለድኾች ያሠራቸው ረዣዥም የኪራይ ቤቶች ይታያሉ፤ የከተማው ባቡርም መስመሩን የሚጨርሰው እዚያ ነው። ማርበሪ በ1977 ከሰባት ልጆች ስድስተኛ ሆኖ ተወለደ። ሦስት ታላላቅ ወንድሞቹ በኳስ የታወቁ ነበሩ፤ ከሦስቱ ግን አንዱም ኤን ቢ ኤ ከሚባለው ከአሜሪካ ታላቅ የቅርጫት ኳስ ማኅበር አልደረሰም። ቤተ ሰቡም ተስፋውን ከአንዱ ወደ ሌላው እያሸጋገረ በመጨረሻ በስቴፎን ላይ አኖረው።

ዳርሲ ፍሬይ የተባለው ጸሓፊ ወደዚህ ሰፈር የሄደው በ1991 ነው። በአብርሃም ሊንከን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚጫወቱትን ልጆች ተከታትሎ ያየውን በ1994 «የመጨረሻው ውርወራ» ብለን ልንተረጕመው በምንችለው መጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ ዋና ሰዎች ትምህርታቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡ ሦስት ወጣቶች ናቸው። ኳሱን ችለውታል፤ ያስቸገራቸው ወረቀቱ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ አንድ ልጅ በታላላቆቹ ኮሌጆች በመጀመሪያ ዓመቱ ገብቶ እንዲጫወት፣ ከ1600 በሚታረመው ፈተና ቢያንስ 700 ማግኘት ነበረበት። በሜዳ ላይ ከመላው አገሪቱ ልጆች የሚወዳደር ወጣት የቃላት ፍቺ በሚጠየቅበት ክፍል ይወድቃል። ፍሬይ ይህን ሲጽፍ አይሰብክም። ልጁ ቃላቱን ሲያጠና ያሳየናል፤ የኮሌጅ አሠልጣኞች ደብዳቤ ሲያዘንቡለት፣ የፈተናው ውጤት ሲሰማ ደግሞ ደብዳቤው ሲቀር ያሳየናል፤ የጫማ ኩባንያ ባሰናዳው የበጋ ልምምድ ላይ ዐዋቂዎች ተሰልፈው ልጆችን እንደ ከብት ሲመለከቱ ያሳየናል። አንባቢው የሚቈጣው ደራሲው ስለ ተቈጣ አይደለም፤ ያየው ነገር ስላስቈጣው ነው።

ስቴፎን በዚህ መጽሐፍ ዋና ሰው አይደለም። ገና አዲስ ገቢ ነው፤ በዳር በኩል ብቅ ይላል፣ ይቀልዳል፣ ከታላላቆቹ ኳሱን ይነጥቃል። ደራሲውም በእርሱ ላይ አንድ አዲስ ነገር ያስተውላል፤ ታላላቆቹ ያላወቁትን እርሱ ዐውቋል፤ ዋጋ እንዳለው ዐውቋል። አባቱም ደራሲው ስለ ልጃቸው ለሚጽፈው ነገር ገንዘብ እንዲከፍል መጠየቃቸውን መጽሐፉ አልደበቀም። ይህን የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ይገረማል፤ ጥቂት ገጾች ሲቀጥል ግን አሠልጣኙም፣ የጫማ ኩባንያውም፣ ኮሌጁም፣ ደራሲውም ጭምር ከዚህ ልጅ ጥቅም ሲፈልጉ ያይና አባትየው ከሁሉ የባሱ አለመሆናቸውን ይረዳል። ፍሬይ ይህን ለአንባቢው ትቶታል፤ እኛም የመጽሐፉን ትልቅነት የምናይበት ቦታ ይህ ነው። ነቀፌታ ከሌለበት ግን ሒስ አይባልምና አንድ ነገር እንጨምር። ደራሲው ለሦስቱ ታላላቆች ያለው ርኅራኄ በስቴፎን በኩል ሲደርስ ይቀንሳል፤ ልጁን የሚመጣው የገንዘብ ዘመን ምልክት አድርጎ ሊያቀርበው ይሞክራል። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የዘመን ምልክት ለመሆን ገና ነው።

በ1998 ስፓይክ ሊ «ሂ ጎት ጌም» የተባለውን ፊልም አወጣ። የታሪኩ ወጣት የኮኒ አይላንድ ልጅ፣ የሊንከን ትምህርት ቤት ተጫዋች፣ አባቱም በእርሱ ተስፋ የሚያደርግ ነው። የወጣቱን ቦታ የያዘው ሬይ አለን ነበር። ልብ ወለድ በመሆኑ ብዙ አንቈይበትም፤ ግን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1996፣ በአዲስ ገቢ ተጫዋቾች ምርጫ ማርበሪ አራተኛ ሆኖ ሲመረጥ የመረጠው የሚልዋኪ ክለብ ወዲያውኑ ለሚኒሶታ ሰጥቶ በምትኩ የተቀበለው ይህንኑ ሬይ አለንን ነው። እንግዲህ በገበያው የተለዋወጡት ሁለት ወጣቶች በፊልሙም እንደ ገና የተለዋወጡ ይመስላል፤ የአንደኛው ሰፈር ለሌላኛው ተሰጠ። እንዲህ ያለውን ነገር ደራሲ ፈጥሮ ቢጽፈው «አበዛኸው» እንለው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን የአሜሪካ ዘመን ባጭሩ እናልፈዋለን። ማርበሪ በ13 የውድድር ዘመን በአንድ ግጥሚያ በአማካይ 19.3 ነጥብ ሲያስቈጥር 7.6 ጊዜ ደግሞ ኳሱን ለጓደኞቹ አመቻችቶ ሰጥቷል። ይህ የታናናሾች ሥራ አይደለም። ሆኖም ከሚኒሶታ በ1999 ወደ ኒው ጀርሲ፣ ከኒው ጀርሲ በ2001 ወደ ፊኒክስ፣ ከፊኒክስ በ2004 መጀመሪያ ወደ ተወለደባት ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ፤ በአንዱም ቦታ ዋንጫ አላገኘም። የሚያሳዝነው ደግሞ ከሄደ በኋላ የሆነው ነው። ኒው ጀርሲ እርሱን ሰጥቶ ጄሰን ኪድን በተቀበለ በዓመቱ ለፍጻሜ ግጥሚያ ደረሰ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ደገመው። ፊኒክስ በ2003–04 ያሸነፈው 29 ጊዜ ነበር፤ ስቲቭ ናሽ የማርበሪን ቦታ በያዘበት በሚቀጥለው ዓመት 62 ጊዜ አሸነፈ። ስለ ማርበሪ በእውነት መጻፍ የሚፈልግ ሁሉ እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ሳይዘል ማለፍ አለበት፤ ከዚህ ፈተና የሚሸሽ ድርሰት ሌላው ነገር ቢያምርም አንመነው።

በዚሁ ዘመን አንድ የሚያስመሰግነው ሥራ አለ። በ2006 በራሱ ስም የተሠራ የኳስ ጫማ በ14 ዶላር ከ98 ሳንቲም ብቻ እንዲሸጥ አደረገ፤ የሌሎቹ ከዋክብት ጫማ ከመቶ ዶላር በላይ በሚሸጥበት ጊዜ ነው። እርሱም ያንኑ ርካሽ ጫማ አድርጎ በሜዳ ላይ ይጫወት ነበር። ፍሬይ የገንዘብ ዘመን ምልክት ያደረገው ልጅ ሰላሳ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ የሠራው ይህ ነው። ጫማውን የሚሸጠው መደብር በ2008 ከሰረ፤ ነገሩም ለጊዜው ቀረ። ከሁሉም ድርሰቶች ይልቅ የሰውየውን ልብ የሚገልጠው ይህ ጫማ ይመስለናል፤ ማንም ሳይደርስለት ራሱ የደረሰው ነገር ነውና።

በ2007 መጨረሻ አባቱ ሞቱ። በ2008–09 የኒው ዮርክ ክለብ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደመወዝ እየከፈለ ሜዳ ሳያስገባው አስቀመጠው፤ በየካቲት 2009 አሰናበተው። ጥቂት ወር በቦስተን ተጫውቶ ያም አለቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ማርበሪ በቤቱ መቅረጫ ተክሎ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ራሱን በኢንተርኔት ለዓለም አሳየ። ዘፈነ፣ አወራ፣ አለቀሰ፤ በአንድ ወቅትም ለጕሮሮ ይበጃል ብሎ ቫዝሊን ዋጠ። ተመልካቹ ሳቀ፤ ጋዜጣውም ሳቀ። ከዓመታት በኋላ ራሱ በቴሌቪዥን ሲናገር በዚያን ዘመን ሞትን የተመኘበት ቀን እንደ ነበረ ገልጧል።

ሐያስያን ይህን ነገር እንደ ነውር ቈጥረው ሲያልፉት አይተናል። እኛ ግን እዚህ ላይ ቆም እንላለን። ስለዚህ ሰው ከቀረቡት ትረካዎች ሁሉ ደራሲ፣ አራሚ፣ ከፋይ ያልነበረው ይህ ብቻ ነው። ሰውየው ስለ ራሱ ሲናገር ቃል አጣ፤ የሚናገረውን ማን እንዲሰማው እንደሚፈልግ እንኳ የሚያውቅ አይመስልም። ለጥበብ አይበቃም፤ ለምስክርነት ግን ይበቃል። ከስምንት ዓመት በኋላ ይኸው ሰው ራሱን ሆኖ በፊልም ሲቀርብ የሚናገረው ሁሉ የተስተካከለ፣ የሚያለቅስበትም ጊዜ የተመጠነ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰውየው መለወጥ ነው ወይስ የአራሚው መምጣት? የዚህ ሁሉ ሒስ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው።

በጥር 2010 ማርበሪ ወደ ቻይና ሄደ። መጀመሪያ የተቀበለችው የድንጋይ ከሰል አገር የሆነችው ሻንሺ፣ ከተማዋም ታይዩዋን ነበረች። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ፎሻን ተዛወረ። በሁለቱም ዘንድ ሳይደላደል በ2011 ወደ ቤጂንግ ዳክዬዎች ገባ። ስሙ ሊያስቅ ይችላል፤ ክለቡ ግን ሾውጋንግ የተባለው የታወቀ የብረት ፋብሪካ ክለብ ነው፤ የአገሪቱንም ሊግ ከዚያ በፊት ከቶ አሸንፎ አያውቅም ነበር። በ2012 ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የነበረውን ጓንግዶንግን 4 ለ 1 ረቶ ዋንጫውን ወሰደ፤ ማርበሪም በመጨረሻው ግጥሚያ 41 ነጥብ አስቈጠረ። በ2014 ሺንጂያንግን፣ በ2015 ሊያዎኒንግን አሸንፈው ደገሙት፤ ሠለሱት። ሐውልቱ በ2012፣ በ2008 ኦሎምፒክ የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ከተደረገበት ከዉኬሶንግ አዳራሽ ውጭ ቆመ። በ2014 ከተማይቱ የክብር ዜጋ አደረገችው፤ በኋላም በቻይና ለውጭ አገር ሰው በቀላሉ የማይገኘውን የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አገኘ።

ወደ ቻይናዎቹ ድርሰቶች እንመለስ። የዘፈን ቴያትሩ በ2014 በቤጂንግ መድረክ ታየ፤ በላሪ ያንግ የተዘጋጀው ፊልም በነሐሴ 2017 በሲኒማ ቤቶች ወጣ። በሁለቱም ማርበሪን ሆኖ የሚታየው ማርበሪ ራሱ ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ፊልሙ «ሌላው ቤቴ» የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ በቻይንኛ ግን የቴያትሩም የፊልሙም ስም አንድ ነው፦ «እኔ ማርበሪ ነኝ»። ይህ ስም ትልቅ ቃል ኪዳን ይገባል። «እኔ» ብሎ የጀመረ ድርሰት የሚያውቀው ሌላ ሰው የማያውቀውን ነው። ተመልካቹም የከፈለው ያንን ለመስማት ነው።

ይሁን እንጂ የምናገኘው ገድል ነው። በአገሩ የተናቀ ሰው ይሰደዳል፤ በባዕድ ምድር ቋንቋውን፣ ምግቡን፣ የአሠልጣኙን ሐሳብ ባለማወቅ ይፈተናል፤ ትዕቢቱን ይጥላል፤ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ይሆናል፤ በ2012 ድሉ ይመጣል። ቃል ኪዳኑም ሐውልቱ ነው። ጨዋታው ሲቀረጽ ያምራል፤ ማርበሪ ተዋናይ ባይሆንም ኳስ ሲይዝ ተዋናይ ከሚሆን ይልቅ እውነተኛ ነው፤ አርባ ዓመት የተጠጋው ጕልበት ሲጎተትና ሲነሣ የሚታየው በማስመሰል አይደለም። የምንነቅፈው ይህን አይደለም። የምንነቅፈው በዚህ ድርሰት ውስጥ አንድም ጊዜ «እኔ» የሚለው ሰው በራሱ ላይ ሲመሰክር አለመሰማቱን ነው። ኀጢአቱ ሁሉ ወደ ባሕር ማዶ ተጥሏል፤ እዚያው ቀርቷል። የገድል ደራሲ እንኳ ጻድቁን ሲያወድስ ራሱን «ኀጥእና በደለኛ» ብሎ ይጽፋል፤ እዚህ ግን ጻድቁና ደራሲው አንድ ሰው በመሆናቸው ኀጥእ የሚባል ጠፋ።

ፊልሙ የሚሰጠው ፍቺ ሰውየው ተለወጠ የሚል ነው። እኛ ይህን በሙሉ አንቀበልም። በዚያን ዘመን የነበረው የቻይና ሊግ ደንብ አንድ ክለብ የሚቀጥራቸውን የውጭ ተጫዋቾች ሁለት ብቻ አድርጎ ሲወስን፣ ክለቡ ከእነዚያ ሰዎች የሚፈልገው ኳሱን ይዘው እንዲወስኑ፣ በጭንቅ ጊዜ ራሳቸው እንዲያገቡ ነበር። በአሜሪካ «ኳስ አይለቅም» ተብሎ የተነቀፈበት ጠባይ በታይዩዋንና በቤጂንግ የተቀጠረበት ሥራ ሆነ። በሚኒሶታ ከኬቪን ጋርኔት ጋር «ማን ይበልጣል» የሚል ጥያቄ ነበረበት፤ በቤጂንግ ጥያቄው ራሱ አልነበረም። ሚን ሉሌይ የተባለው አሠልጣኝ ይህን ዐውቆ ቡድኑን በዚሁ ልክ መሥራቱ ከሰውየው መለወጥ ይልቅ የድሉን ምክንያት ያስረዳል። እንዲህ ስንል ሰውየው ምንም አልተለወጠም ማለታችን አይደለም። ለሥራ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄድ አሜሪካዊ ተጫዋች እንደ ልማዱ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሠርቶ ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል፤ ማርበሪ ግን ቤቱን እዚያ አደረገ፣ በከተማይቱ ባቡር ተሳፍሮ ከሕዝቡ ጋር ተንቀሳቀሰ፣ ስምንት ዓመት ቈየ። የተለወጠ ነገር አለ፤ ግን በዕንባና በአንድ ግጥሚያ የተለወጠ አይደለም፤ በመቈየት ነው። መቈየትን በፊልም ማሳየት ድልን ከማሳየት ይከብዳል፤ አዘጋጁ ግን ቀላሉን መረጠ።

ከቤጂንግ ድል በኋላ የጻፉት ሁሉ «ነቢይ በአገሩ አይከበርም» በሚለው ዐይነት ቃል ሲጠቀሙ እናነባለን። ከተሰደደ ሰው ጋር ያልተዛመደ ቤተ ሰብ ባልቀረበት በእኛ ዘመን ይህ ቃል ለጆሮ ይጣፍጣል፤ የቀረውን ይወቅሳል፣ የሄደውን ያጽናናል። ለማርበሪ ግን አይስማማም። አገሩ አላከበረችውም ማለት ሐሰት ነው፤ ሁለት ጊዜ ለከዋክብቱ ግጥሚያ ተመርጧል፤ በ2004 በአቴና ኦሎምፒክ የአገሩን ልብስ ለብሶ በስፔን ላይ 31 ነጥብ በማስቈጠር ለዚያን ጊዜ የአሜሪካ ቡድን የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል፤ የተከፈለውም ገንዘብ የታወቀ ነው። አገሩ የነፈገችው ክብርን ሳይሆን ትዕግሥትን ነው። እርሱም በበኩሉ ትዕግሥትን ነፍጓታል። ምሳሌ ሁለት ወገን የተበዳደለበትን ነገር አንዱን ብቻ በዳይ ሲያደርገው፣ የተጻፈው ሁሉ እውነት መስሎ ይነበባል፤ ጕዳቱም እዚያ ላይ ነው።

በ2019 ኩዲና ቺኬ በሚል ስም የሚታወቁት ሁለት አዘጋጆች «የኮኒ አይላንድ ልጅ» ብለን የምንተረጕመውን ዘጋቢ ፊልም አወጡ። ከቻይናዎቹ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው፤ ሌሎች ሰዎች ይናገራሉ። ቤተ ሰቡ ይናገራል፤ ሰፈሩ ይታያል፤ የ2009ኙም የሃያ አራት ሰዓት ትዕይንት እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ ሕመም ቀርቧል። ይህ አዘጋጆቹን ያስመሰግናቸዋል። እኛ ከዚህ ክፍል ላይ ስንደርስ ፍሬይ በዳር ያስቀመጠውን ልጅ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ያገኘነው መስሎን ደስ ብሎናል። ነገር ግን ይህም ፊልም ወደ ቤጂንግ ሲደርስ ትንፋሹን ያሳርፋል፤ ሥቃዩ ለድሉ መንደርደሪያ ሆኖ ይቀራል። በእኛ ሐሳብ ሥቃይን ለመንደርደሪያ ማድረግ የዚህ ዘመን ዘጋቢ ፊልም ሁሉ በሽታ ነው፤ በዚህኛው ላይ ብቻ አንፈርድም።

ከሁሉም የሚበልጠው እንግዲህ ከሁሉም ቀደም ብሎ የተጻፈው ነው። ፍሬይ ልጁ ምን እንደሚሆን አያውቅም ነበር፤ ስለ ሐውልቱ አያውቅም፣ ስለ ቫዝሊኑ አያውቅም፤ ስለዚህ የጻፈው የሆነውን ብቻ ነው። የኋለኞቹ ግን መጨረሻውን ዐውቀው ስለ ተነሡ እያንዳንዱን ነገር ወደ መጨረሻው ይገፉታል። የሕይወት ታሪክ የሚያስተምር መምህር ይህን መጽሐፍና ያንን ፊልም ጎን ለጎን አስቀምጦ ተማሪዎቹን «ከሁለቱ የትኛው ሰውየውን ያውቀዋል?» ብሎ ቢጠይቃቸው የአንድ ወር ትምህርት ይሆነዋል። የመጽሐፉ ደራሲ ሰውየውን በሩቁ ዐወቀው፤ የፊልሙ «እኔ» ግን ከራሱ ጋር እየኖረ ራሱን አላሳየንም።

መጨረሻው በእጃቸው ነው ያሉትም ቢሆኑ አልነበረም። ፊልሙ በነሐሴ 2017 ሲታይ የቤጂንግ ዳክዬዎች ክለብ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ለማርበሪ የተጫዋችነት ቦታ እንደሌለው ነግሮት ነበር። ማርበሪ ግን መጫወት አልተውም አለ። በሲኒማ ቤቶቹ ውስጥ «ሌላው ቤቴ» እያለ ሲናገር፣ ቤት ያለው ክለብ በሩን ዘግቶበት፣ እርሱ በዚያችው ከተማ ወደሚገኘው ወደ ሁለተኛው ክለብ ለመግባት ተዘጋጅቶ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት የሌላውን ክለብ ልብስ ለብሶ ተጫወተ፤ በየካቲት 2018፣ አርባ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጨዋታውን ተወ። በዓመቱ የዚያው የሁለተኛው ክለብ አሠልጣኝ ሆኖ ወደ ሜዳው ዳር ተመለሰ፤ ዳክዬዎቹን ሊያሸንፍ።